ወደ ታልፒዮት፤ ካርድ ወደሚሠራበት ቤት ያደረግነው ጉዞ

ባለፈው የኤሉል ወር፣ ሮሽ ሀሻና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አሥራ አንድ ሴቶችና አንድ ሕፃን ሆነን ከቂርያት ማላኺ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዝን። እኛ በየማክሰኞው በማትናስ እየተሰበሰብን ጥልፍ የምንጠልፍ ሴቶች ነን። ከመካከላችን በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣን አለን፤ ከመርካዝ ቅሊጣ ከወጡ ገና ዓመት ያልሞላቸውም አሉ። የሄድነው ለበዓል ወይም በኮቴል ለመጸለይ አልነበረም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ «በታልፒዮት ኦቲዝም ያለባቸው ጐልማሶች በእጃቸው የሻና ቶቫ ካርድ የሚሠሩበት ቤት አለ፤ መርፌና ክር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ» ብላ ስለ ነገረችን ነው። ኦቲዝም ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ መመለስ የምንችል ከሁላችን ሁለት ብቻ ነበርን።

ከማላኺ መገናኛ አውቶቡስ የያዝነው በማለዳ ነው። መንገዱን ለማታውቁት አዲስ መጪዎች እንንገራችሁ፤ መጀመሪያ የታረሰ ሜዳና የወይን ተክል ይታያል፣ ቀጥሎ የላትሩን ገዳም ይመጣል፣ ከዚያም ሻዓር ሀጋይ ከሚባለው ጠባብ ስፍራ ጀምሮ መንገዱ በጥድ ደን መካከል ሽቅብ ይወጣል። ዳገቱ የጎንደርን አገር ያስታውሳል። በመንገዱ ዳር አሮጌ የብረት መኪናዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ በ1948 ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ ስንቅ ጭነው ሲወጡ መንገድ ላይ የተመቱ ናቸው።

ሕፃኑ አራት ዓመቱ ነው። እናቱ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ ናት፤ ልጁን የምትተውለት ሰው ስላልነበራት ይዛው መጣች። እስከ ላትሩን ድረስ የቦርሳዋን ማሰሪያ በጣቱ እየጠመዘዘ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሻዓር ሀጋይ ላይ መኪና ተጨናንቆ አውቶቡሱ ቆመ። ፍሬኑ ደጋግሞ ሲተነፍስ ልጁ ጆሮውን ይዞ መጮኽ ጀመረ፤ ራሱን ከመስኮቱ ጋር ያጋጫል፤ እናቱ ስታቅፈው ጩኸቱ ይብሳል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተሳፋሪ በዕብራይስጥ «ልጅ መቅጣት አታውቁም?» አለ። ይህንስ የማያውቀን ሰው ነው ብለን እንለፈው። የከፋው ከእኛው የተነገረው ነው። ከመካከላችን አንዷ (ማን እንደሆነች እዚህ አንጽፍም፤ ስታነብ ራሷ ታውቀዋለች) ቀስ ብላ በአማርኛ «የበላው በልቶታል፤ ምን ታድርግ» አለች። እናቲቱ ሰማች። እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።

በአገራችን ጎረቤቶቻችን እኛን ራሳችንን ቡዳ እያሉ ይሸሹን ነበር። ሸክላ ስለ ሠራን፣ ብረት ስለ ቀጠቀጥን በሌላው ሰው ልጅ በሽታ ስንወቀስ የኖርን ሰዎች ነን። ያ ቃል እንዴት እንደሚያቆስል ከማንም አስበልጠን የምናውቅ እኛው፣ በገዛ እህታችን ልጅ ላይ አነሣነው።

ኢየሩሳሌም ስንደርስ ከተማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይ አንዲት ሴት የሕንፃውን ብዛትና የሰዉን ግፊያ ተመልክታ «ይህች ናት?» አለች። ለመመለስ ጊዜ አልነበረም፤ ሌላ አውቶቡስ ይዘን ወደ ደቡብ፣ ወደ ታልፒዮት ሄድን። ታልፒዮት የሥራ ሰፈር ነው። ጋራዥ፣ አናጺ ቤት፣ የቤት ዕቃ መጋዘን፣ በመካከሉ ዳቦ ቤት። ጎብኚ የሚሄድበት አይደለም። ሽታው ግማሹ የሞተር ዘይት፣ ግማሹ የትኩስ ዳቦ ነው። የምንፈልገው ቤት ከአንድ ጋራዥ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

በር ከፍተው አስገቡን፤ እኛም እንደ አገራችን ወግ ሰው ተነሥቶ ይቀበለናል ብለን ቆመን ጠበቅን። ማንም አልተነሣም። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች በሥራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው መጣና ዓይናችንን ሳያይ «በስንት ቁጥር መጣችሁ?» አለን። የአውቶቡሱን ቁጥር ነገርነው። «ስንት ሰዓት ተነሣ?» አለ፤ ነገርነው። «ሦስት ደቂቃ ዘግይቷል» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እማማ እያልን የምንጠራቸው የቡድናችን ትልቅ ሴት «ምነው፣ ሰላምታ የለም እንዴ?» ሲሉ ቤቱን የምትመራው ሴት ሳቅ ብላ «ይህ ትልቁ ሰላምታው ነው፤ ሰው ካልወደደ ቁጥር አይጠይቅም» አለች። እማማም «እንግዲያውስ እግዚአብሔር ይስጠው» አሉ።

ካርዱ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱን ራሳቸው ይሠራሉ። ከቢሮዎች የተጣለ ወረቀት ይቀደዳል፣ በባልዲ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በማግስቱ በማሽን ይፈጫል። እንደ አጥሚት ሲቀጥን በሰፊ ሣጥን ውስጥ ይፈስሳል፤ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት አስገብተው ቀና አድርገው ሲያነሡት ውሃው ይወርድና ስስ ወረቀት ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ያን በጨርቅ ላይ ገልብጠው ይጫኑትና ያሰጡታል። ይህን ስናይ ሁላችንም በአንድ አፍ «እንጀራ ነው!» አልን። ደግሞም እንደ እንጀራ ሁሉ፣ እጅ ያላወቀው ሰው ሲያወጣው ይቀደዳል፤ ሦስታችን ሞክረን ሦስታችንም ቀደድነው።

ሥራው ለሰው ሁሉ እንደ ጠባዩ ተከፍሏል። ወረቀት መቅደድ የሚወድ ቀኑን ሙሉ ይቀድዳል። የማሽኑ ድምፅ የሚያሳምመው እንደ ሬዲዮ ማዳመጫ ያለ የጆሮ መሸፈኛ ያደርጋል፤ አይዞህ ቻለው የሚለው የለም። አንዲት ልጅ ካርዱንና ፖስታውን አሥር አሥር እየቆጠረች ታስራለች፤ ዘጠኝ የሆነ ጥቅል አግኝቶባት የሚያውቅ ሰው የለም አሉን። ግድግዳው ላይ የቀኑ ሥራ በሥዕል በተርታ ተለጥፏል፤ መጀመሪያ ኮት መስቀል፣ ቀጥሎ እጅ መታጠብ፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ቀጥሎ ሻይ። መናገር የማይችል ሰው ቢኖር እንኳ ወደ ሥዕሉ ሄዶ ይጠቁማል። አውቶቡስ የጠየቀን ሰው ሥዕል ሠሪ ነው። ሮማን ሣል ቢሉት አውቶቡስ ይሥላል፤ ሾፋር ሣል ቢሉትም አውቶቡስ። መጀመሪያ ሊያስተዉት ሞክረው ነበር፤ በኋላ ግን አውቶቡስ ያለበት የሻና ቶቫ ካርድ ከሌላው ቀድሞ እንደሚያልቅ አዩ።

የእኛ ተራ ደግሞ ጥልፉ ነበር። በወፍራም ወረቀት ላይ ለመጥለፍ ቀዳዳው አስቀድሞ መበሳት አለበት፤ እነርሱ በመርፌ ሲበሱ ወረቀቱ ይቀደድባቸው ነበር። እማማ ከጉያቸው ለስፌት የያዙትን ወስፌ አወጡ። በጎንደር ሰፌድና መሶብ የምንሰፋበት ያው ወስፌ ነው። ወረቀቱን በታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርገው፣ ወስፌውን እያሽከረከሩ ሲበሱት ቀዳዳው ክብ ሆኖ ወጣ። አሥር አሥር የምትቆጥረው ልጅ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች፤ እርሳቸው ይበሳሉ፣ እርስዋ ትቆጥራለች፣ ቀጥሎ ክሩን ታሳልፋለች። አንዳቸው አማርኛ ብቻ፣ ሌላዋ ምንም አይናገሩም። እስከ ምሳ ድረስ አምስት ሮማን ጠለፉ።

ስለ ካርዱ ልማድም ትንሽ እንበል፤ አዲስ የመጣችሁ በዚህ ወቅት በየሱቁ ስታዩት ትገረሙ ይሆናል። በኤሉል በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ የመልካም ዓመት ምኞት መጨመር በጀርመን አይሁድ ዘንድ ከ600 ዓመታት በፊት የነበረ ልማድ ነው። በ1869 በኦስትሪያ ያለ ፖስታ የሚላክ ካርድ ሲወጣ ልማዱ በካርዱ ላይ ሄደ። በዚህ አገር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሻና ቶቫ ካርድ በየመንገዱ ዳር በጠረጴዛ ይሸጥ ነበር፤ በ1967 ከነበረው ጦርነት በኋላ የወታደርና የታንክ ሥዕል ያለበት እንኳ ነበር። ዛሬ ብዙው ሰው ምኞቱን በስልክ ይልካል፤ ስለዚህ በእጅ የተሠራ ካርድ ሲደርሰው ሰው ያስቀምጠዋል። በካርድ ለሌላው መርዳትም አዲስ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በ1949 ያወጣው የመጀመሪያ ካርድ አንዲት የ7 ዓመት የቼኮስሎቫኪያ ልጅ የሠራችው ሥዕል ነበር።

እኛስ ብንሆን መች እናጣዋለን? ከተማ ያደጋችሁ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ በወረቀት ሥለው ቤት ለቤት እየዞሩ ሲሰጡ፣ ባለቤቱም ሳንቲም ሲሰጣቸው አይታችኋል። ያም በእጅ የተሠራ የዘመን መለወጫ ካርድ ነው። ሮሽ ሀሻናን ብርሃን ሠረቀ እያልን ከምናከብርበት ጊዜ ጋር ተቀራርቦ ይውል ስለ ነበር፣ የጎረቤት ልጆች የሣሉትን አበባ እኛም ተቀብለን ግድግዳ ላይ የለጠፍንበት ዓመት አለ።

ወደ ሕፃኑ እንመለስ። እኛ ከወስፌና ከክር ጋር ስንሆን ረስተነው ነበር። ስናየው ወረቀት ከሚቀደድበት ሣጥን አጠገብ፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ ይቀድዳል። በደረቱ ልክ ይይዝና በቀጭኑ፣ በቀጥታ መስመር። እንደዚያ አንድ ሰዓት ሆነው። አልጮኸም። ሰውዬውም ልጁም አንድ ጊዜ አልተያዩም፤ ነገር ግን ሰውዬው ወረቀቱ ሲያልቅ ሌላ እያነሣ በልጁ አጠገብ ያኖርለታል። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «እዚህ ማንም አላፈጠጠብንም» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እኛም ምን እንደምንል ጠፋን።

በሻይ ጊዜ ቤቱን የምትመራው ሴት ከእኛ ጋር ተቀመጠች፤ አንዷ እየተረጐመች ብዙ ጠየቅናት። ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምር፣ የአንጎል አስተዳደግ ከሌላው የተለየ መሆን ነው። ሰውየው ከሰው ጋር የሚግባባበት፣ ድምፅንና ብርሃንን የሚሰማበት መንገድ ይለያል፤ አንዱ ጨርሶ አይናገርም፣ ሌላው ብዙ ይናገራል፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሌኦ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ነው በሕክምና ስሙ የታወቀው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊቃውንት ነን የሚሉ ሰዎች «እናቲቱ ልጇን ስላልወደደች ነው» ይሉ ነበር። ሐሰት ነበር፤ ብዙ እናቶች ግን በዚያ ሐሰት ተሰቃይተዋል። እማማ ይህን ሲሰሙ «የፈረንጁ ቡዳ ደግሞ እናቲቱ ናታ!» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን፤ በአውቶቡስ ውስጥ ያን የተናገረችው ግን አልሳቀችም። ክትባት ነው የሚለውም ወሬ እንዲሁ ነው፤ በ1998 በእንግሊዝ አገር የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ወደ ጢፓት ሐላቭ ከመውሰድ አታቋርጡ።

እናቲቱም ያን ጊዜ የራሷን ታሪክ ተናገረች። ልጇ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ ክዳኖችንና ጫማዎችን በተርታ ይደረድራል፤ በሁለት ዓመቱ ጀምሯቸው የነበሩት ሦስት አራት ቃላት ጠፍተዋል። ለጋኔኔቷ ስትነግራት «አዲስ መጪ ነው፣ ሁለት ቋንቋ ተምታቶበት ነው፣ ዕብራይስጥ ሲለምድ ይናገራል» ተባለች። ዘመዶቿም «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» አሏት። እንዲህ ሲባል ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ልጁ ግን በአማርኛም አይናገርም ነበር፤ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ከዚህ ጉዞ ያመጣነው ይህን ነው፤ አዲስ መጪ በመሆናችን የልጃችን ዝምታ በዕብራይስጥ ይመካኛል። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፤ በቤት አማርኛ መናገርንም ማቆም አያስፈልግም። በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በአንድ ዓመት ተኩል የሚፈልገውን በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ፣ ወይም የነበረውን ቃል የጣለ ልጅ ካለ በጢፓት ሐላቭ ወይም በኩፓት ሆሊም ለሐኪሙ ንገሩ። መጀመሪያ ጆሮው እንዲመረመር፣ ቀጥሎም ወደ ሕፃናት ዕድገት ተቋም፣ ማኾን ለሂትፓትሑት ሀዬሌድ፣ እንዲላክ ጠይቁ። እዚያ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዩታል። ዕብራይስጥ ካልቻላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ትልቁን ልጃችሁን ለማስተርጐም አትውሰዱ፤ ስለ ወንድሙ ሊሰማው የማይገባ ነገር አለና። ምርመራው ኦቲዝም ነው ካለ ከቢጡዋህ ሌኡሚ የአካል ጉዳተኛ ልጅ አበል ይጠየቃል። በ1988 የወጣው የልዩ ትምህርት ሕግም ከ3 ዓመት እስከ 21 ዓመት ድረስ መብት ይሰጣል፤ ጋን ቲክሾሬት የሚባል ጥቂት ልጆች የሚማሩበት መዋዕለ ሕፃናት አለ። ወላጆች በ1974 ያቋቋሙት ማኅበርም አለ፤ ስሙ አሉት ይባላል። በአማርኛ ሲሰሙት «የእርሱ የሚሆኑ አሉት» ማለት ይመስላል፤ ይህን ስንነግራት አስተናጋጃችን በጣም ደስ አላት።

በኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ እንደ ጥንቱ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሳይደብቁ በአደባባይ እየተናገሩ፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፍተዋል። ሀ ሁን ይዘው ልጆችን ድምፅ የሚያስለምዱበት መንገድም አዘጋጅተዋል። ፊደላችን ድምፅን ከነአናባቢው ስለሚይዝ ለዚህ እንደሚመች ከእኛ ማን አስቦ ያውቃል?

ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ክርክር ተነሣ። እኛም በማትናስ ካርድ ልንሠራ፣ ገንዘቡን ለዚያ ቤት ልንሰጥ፣ በየቤቱም እንደ እንቁጣጣሽ ልጆች በእጃችን ልናድል ተስማምተን ነበር። በካርዱ ጀርባ በአማርኛና በዕብራይስጥ ኦቲዝም የሚለው ቃል ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ግማሻችን አይጻፍ አልን። በእኛ ዘንድ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ «በዘራቸው አለ» ከተባለ የልጁን እህቶች ማን ያገባቸዋል? ይህ ሞኝነት ነው ብላችሁ አትናቁብን፤ የተናገረችው ሴት ሦስት ሴቶች ልጆች አሏት። ሌሎቻችን ደግሞ ቃሉ ካልተጻፈ ካርዱ ሮማን ያለበት ወረቀት ብቻ ነው አልን። ምልክት እናድርግበት፣ በብዙ አገር የሚታወቀውን የፓዝል ቁራጭ፣ ያለችም ነበረች። ያን ምልክት በእንግሊዝ አገር ወላጆች በ1963 ያወጡት ነው፤ ነገር ግን ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች «እኛ የጎደለን ቁራጭ የለም» እያሉ ይጠሉታል ብላ አስተናጋጃችን ነግራን ስለ ነበር ተወው።

ክርክሩ ሲከር እናቲቱ፣ ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቶ፣ «ጻፉት» አለች። «እኔ እስካሁን የማላውቀውን ነገር ደብቄ ኖርሁ። ስሙን አውቄ ብደብቀው ይሻለኛል?» አለች። ያን ጠዋት ያን ነገር የተናገረችው ሴት ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ ከላትሩን በኋላ ልጁን ተቀብላት ታቅፈው ነበር።

ለበዓሉ 80 ካርድ ደረሰልን። በየደረጃው ወጥተን በየበሩ አንኳኳን። ብዙ ሰው ተቀበለ፣ ቡናም አፈላልን። አንድ ቤት ግን ጀርባውን አንብበው «ይህን ከቤቴ አላስገባም» ብለው መለሱልን። ሌላ ቤት ደግሞ አባወራው ካርዱን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ተቋም ያላችሁት፣ የ9 ዓመት ልጅም ያያል?» ብለው ጠየቁን። በዚያ ደረጃ ስድስት ዓመት ስንወጣና ስንወርድ በዚያ ቤት የ9 ዓመት ልጅ መኖሩን አናውቅም ነበር። የት መሄድ እንዳለባቸው እንድትነግራቸው ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ነግረን አገናኘናቸው።

የሕፃኑ ቀጠሮ በኪስሌቭ ወር ነው፤ ሁለታችን ከእናቱ ጋር አብረን እንሄዳለን። ከበዓሉ በኋላ ከታልፒዮት በስማችን አንድ ፖስታ መጣልን። አውቶቡስ የሣለበት ካርድ ነው፤ የመጣንበት አውቶቡስ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በመስኮቶቹ አሥራ አንድ ራስና አንድ ትንሽ ራስ ይታያል። ከሥሩ የተነሣንበት ሰዓት ተጽፏል፤ ከጎኑም ሦስት ደቂቃ መዘግየቱ።